የምርምር ክፍተት ምንድን ነው?

«ይህ ርዕስ በደሴ ከተማ አልተጠናም፤ ስለዚህ ክፍተቱን ለመሙላት ነው።» በስፖርት ሳይንስ የዶክትሬት ፕሮፖዛሎች ላይ ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት! ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «የከተማውን ስም ቀይሩ፣ ጋፕ አገኛችሁ ማለት ነው» ብሎ ሲመክር አየሁ። ይህ ምክር አቅም ያላቸውን ልጆች የዶክትሬት ቦታ ያሳጣቸዋል።

ያልተጠና ነገር ሁሉ ክፍተት አይደለም። ቦርከናን አስቡት። ድልድይ የሌለበት የወንዙ ክፍል ብዙ ነው። ከወዲህ ሰው፣ ከወዲያ ገበያ ኖሮ መሻገሪያ ሲጠፋ ግን ችግር ነው። በምርምርም ሁለቱ ዳርቻዎች አስቀድመው መታወቅ አለባቸው። አንዳንዴ ድልድዩ አለ፤ ሲረግጡት ግን ይነቃነቃል። በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ የተሠራ ጥናት እንደዚያ ነው። እሱን ደግሞ መፈተሽም ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ከእኛው አገር ጋር የሚገናኝ ምሳሌ ልስጥ። እ.ኤ.አ. በ1997 ሌቪንና ስትሬይ-ጉንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ 39 ሯጮችን አጠኑ። 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ እየኖሩ 1,250 ሜትር ላይ የሠለጠኑት በ5,000 ሜትር ሰዓታቸውን አሻሻሉ። ሁሉም ግን የቆላ ሰዎች ነበሩ፤ ኑሯቸው በባሕር ወለል አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ የተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢል ቡድን በሰሜን ኢትዮጵያ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ደም ለካ። ሄሞግሎቢናቸው፣ ማለትም ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር፣ ከቆላ ሰው ብዙም አልተለየም።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ትሆናለች። ታዲያ ደሴ ተወልዶ ያደገ ሯጭ ፈጣን ልምምዱን ኮምቦልቻ እየወረደ ቢሠራ የቆላዎቹ ሯጮች ያገኙትን የሰዓት መሻሻል ያገኛል? መልሱ ከሁለቱም ጥናቶች በቀጥታ አይወጣም። እዚህ ላይ ደሴ የጥያቄው ምክንያት ናት። «የ12 ሳምንት ኤሮቢክስ በደሴ ተማሪዎች ክብደት ላይ ያለው ተጽዕኖ» ሲባል ግን አድራሻ ብቻ ናት። ውጤቱ ደሴ ላይ ለምን እንደሚለይ ማስረዳት ካልቻላችሁ ርዕሱ ለዶክትሬት አይበቃም። ለከተማው ጤና ወይም ለአሠልጣኞች መረጃነት ግን ይጠቅማል፤ ያንን አልክድም።

የሯጩም ጥያቄ ቢሆን ቀላል አይደለም። 1,850 ሜትር ራሱ ቆላ አይባልም። ለውጥ ባይታይ ዘዴው አይሠራም ማለት ነው ወይስ የከፍታው ልዩነት አንሶ ነው? ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ ሄሞግሎቢን ለክታችሁ ብቻም አትደምድሙ። ልጁ በኮምቦልቻ ሙቀት ሮጦ ውሃ ካልጠጣ የደሙ ፈሳሽ ይቀንሳል። አንድም ቀይ የደም ሕዋስ ሳይጨምር ቁጥሩ ከፍ ይላል። የሚያስፈልገው በመላ ሰውነቱ ያለው የሄሞግሎቢን ጠቅላላ ብዛት ነው። እሱን ለመለካት ሌላ መሣሪያና የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል፤ ከአማካሪያችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

ውጭ አገር በደመወዝ የሚወጡ የዶክትሬት ቦታዎች ላይ ብዙ ጊዜ ክፍተቱን የሚለየው ፕሮፌሰሩ ነው። ስለዚህ «ለስፖርት ከፍተኛ ፍቅር አለኝ» ብላችሁ ገጽ አትሙሉ። የእሱን አንድ ጥናት አንብቡ። ውጤቱ የት ድረስ እንደሚሠራና የት ላይ እንደምትጠራጠሩት በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉለት። ደጋ ተወልዳችሁ ካደጋችሁ ደግሞ ጥርጣሬያችሁን ከዚያ ጀምሩ፤ በመስኩ ብዙ ጥናት የተሠራው በቆላ ሰዎች ላይ ነው።