«ሱቁን ዘግቻለሁ እኮ!» እና ሌሎች የግብር ተረቶች

የአነስተኛ ነጋዴዎችን ሒሳብ እሠራለሁ። ሐምሌ በመጣ ቁጥር ያው ጥያቄ፣ ያው ክርክር፣ ያው «እኔ ግን የሰማሁት…» ይመጣል። የሰሙት ከማን ነው? ከጎረቤት ባለሱቅ፣ ከአጎት ልጅ፣ ከቴሌግራም ግሩፕ። እኔ አዋጅ አውጥቼ እያሳየሁ የአጎት ልጅ ይታመናል። ስለዚህ ዘንድሮ በጽሑፍ ይሁን ብያለሁ።

«የምሠራው ቤቴ ውስጥ ስለሆነ ግብር አይመለከተኝም።» ሕጉ የሚያየው ገቢን እንጂ የሱቅ በርን አይደለም። ሳሎን ውስጥ ኬክ ጋግሮ መሸጥም፣ በቲክቶክ ልብስ መሸጥም ንግድ ነው። ክፍያው በባንክና በቴሌብር እየገባ «ማን ያየኛል» ማለት ደግሞ ራስን ማሞኘት ነው።

«ቲን ቁጥር ካወጣሁ ግብር ይመጣብኛል።» ደመወዝተኛውም ቲን ቁጥር አለው። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አያስከፍልም።

«እኔ ደረጃ ሐ ነኝ።» ደረጃ ሐ የሚባል የለም። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ሲሻሻል ሀ እና ለ ብቻ ቀርተዋል። መለያው የዓመት ሽያጭ 2 ሚሊዮን ብር ነው፤ ሀ ከዚያ በላይ፣ ለ ከዚያ በታች።

«ገቢዬ ከፍ ካለ 35 በመቶውን ይወስዱብኛል።» በዚህ ፍርሃት የመጣለትን ሥራ የመለሰ ሰው አውቃለሁ። ምጣኔው እርከን እርከን ነው። ሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ግለሰብ ነጋዴ ከዓመት ትርፉ የመጀመሪያው 24,000 ብር ግብር የለበትም። 35 በመቶ የሚሰላው ከ168,000 ብር በላይ ባለው ላይ ብቻ ነው። ትርፉ 600,000 ብር ቢሆን ግብሩ 185,400 ብር ይመጣል እንጂ 210,000 አይሆንም። ብዙ ካተረፋችሁ ብዙ ትከፍላላችሁ፣ እውነት ነው። ግን እጃችሁ ላይ የሚቀረውም ይጨምራል።

አሁን በጣም ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ሱቁን ዘግቻለሁ እኮ! ከዚያ በኋላ የምን ግብር ነው?»

ሱቅ መዝጋትና የግብር ፋይል መዝጋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቁልፉን ለአከራዩ ስትመልሱ መዝጋታችሁን ያወቀው አከራዩ ብቻ ነው። ንግድ ፈቃዱን ሳያሳድሱ መተውም አያድንም። ፈቃዱ ያለው ንግድ ቢሮ ነው፤ የግብር ፋይሉ ያለው ገቢዎች ነው። አንዱ ጋ ስለቀረባችሁ ሌላው በራሱ አይዘጋላችሁም። በገቢዎች በኩል አሁንም ነጋዴ ናችሁ። ያውም የማያሳውቅ ነጋዴ።

ካላሳወቃችሁ ግብሩ በግምት ይወሰናል። ባልተከፈለው ግብር ላይ፣ ማሳወቂያው ስለዘገየ ከ5 በመቶ ጀምሮ እስከ 25 በመቶ የሚደርስ ቅጣት አለ። ክፍያው የዘገየበት ቅጣት ለብቻው ነው። ከዚያ ወለድ፤ እሱም ከባንክ ማበደሪያ ወለድ ይበልጣል። የቫት ተመዝጋቢ ከነበራችሁማ አንድ ዕቃ ባትሸጡም በየማሳወቂያ ጊዜው «ዜሮ» ብላችሁ ማሳወቅ ነበረባችሁ።

አንድ ደንበኛዬ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ነበረው። ጥሩ ደመወዝ ያለው ሥራ አገኘና ሱቁን ጥሎ ሄደ። ከዓመታት በኋላ ሌላ ንግድ ሊጀምር ሲል ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለበት የሚያሳይ ወረቀት፣ አምጣ ተባለ። እኔ ጋ የመጣው «ሲስተሙ ተሳስቶ ነው» እያለ ነበር። ሲስተሙ አልተሳሳተም። ፋይሉ ክፍት ነው፣ ካሽ ሬጅስተሩም አልተመለሰም። ዋናው ግብር ትንሽ ነበር፤ ቅጣቱና ወለዱ ግን በላይ በላዩ ተከምሯል። በነዚያ ዓመታት አለመሥራቱን ለማስረዳት የኪራይ ውሉ የተቋረጠበትን ወረቀት ስንፈልግ ከረምን። አከራዩ ደግሞ አገር ለቆ ሄዷል።

ጨርሶ ያልነገዱት ይብሳሉ። ለጨረታ፣ ለብድር ወይም ለቪዛ ብለው ፈቃድ ያወጣሉ። ጉዳያቸው ሲያልቅ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ይረሱታል። ሲጠየቁ «ምንም አልሸጥኩም» ይላሉ። እሱኑ ነው በጊዜው ለገቢዎች መናገር የነበረባችሁ!

በወጉ መዝጋት ይህን ያህል ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ሥራ ባቆማችሁ በ30 ቀን ውስጥ ለገቢዎች በጽሑፍ አመልክቱ። እስከ መጨረሻዋ የሥራ ቀን ያለውን ሒሳብ አሳውቁና ያለባችሁን ክፈሉ። ያልተሠራበትን የደረሰኝ ጥራዝ አስረክቡ፤ የካሽ ሬጅስተር ማሽን ካላችሁ እሱንም በሥርዓቱ አሰርዙ። ክሊራንሱን ይዛችሁ ንግድ ቢሮ ሄዳችሁ ፈቃዱን መልሱ። ከሁለቱም ቦታ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሳትይዙ አትውጡ። «ጨርሰናል፣ ሂዱ» ቢሏችሁም ወረቀቱን ጠይቁ። ኮፒውን ቤት አስቀምጡ፤ ፎቶ አንስታችሁም ለራሳችሁ ላኩት። የሠራተኛ መለዋወጥ እንዳለ አትርሱ፤ የዛሬው ባለሙያ ነገ ሌላ ቅርንጫፍ ነው።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል።

«ዘንድሮ ከስሬያለሁ፤ ስለዚህ አላሳውቅም።» በተለይ የከሰራችሁ አሳውቁ። በመዝገብ የተደገፈ ኪሳራ ወደሚቀጥሉት ዓመታት ተዛውሮ ከትርፍ ሊቀነስ ይችላል። ያልተነገረ ኪሳራ ግን እንዳልነበረ ነው።

«የከፈለኝ ድርጅት ቆርጦብኛል፤ ግብሬን ጨርሻለሁ።» የተቆረጠው ቅድመ ክፍያ ነው። ዓመቱ ሲዘጋ ከግብራችሁ ላይ ይታሰብላችኋል፤ የተቆረጠበት (የዊዝሆልዲንግ) ደረሰኝ እጃችሁ ላይ ካለ።

«ቫት ሲቆለል ትርፌን በላው።» ቫት መጀመሪያውኑ የእናንተ አልነበረም። 1,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ 15 በመቶ ተጨምሮበት 1,150 ሲሸጥ፣ 150 ብሯ የገዢው መዋጮ ናት፤ እናንተ አስተላላፊ ናችሁ። ዕቃውን ስትገዙ የከፈላችሁት ቫት በሕጋዊ ደረሰኝ ይቀነስላችኋል። ችግሩ ብዙ ሰው ይቺን 150 ብር ለሱቅ ኪራይ ያውላትና ማሳወቂያ ሲደርስ «ከየት ላምጣ» ይላል። ሌላ የባንክ ሒሳብ ክፈቱላት። ደንበኞቼን እለምናለሁ፤ የሚሰማኝ ጥቂቱ ነው።

«ወጪዬን ሁሉም ያውቀዋል፣ ደረሰኝ ለምን?» መዝገብ ያዥ ከሆናችሁ ሕጋዊ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ውድቅ ይደረጋል። ውድቅ የተደረገው ወጪ ትርፍ ሆኖ ይቆጠርና ግብር ይሰላበታል።

«ሒሳብ ሠራተኛ ስላለኝ ጥፋቱ የእሱ ነው።» ማሳወቂያው ላይ ያለው ስም የእናንተ ነው። ቅጣቱም በእናንተ ቲን ቁጥር ነው የሚመጣው። እኔ የምሠራው በምታመጡልኝ ወረቀት ነው፤ ያላየሁትን ደረሰኝ አልመዘግብም። ለደረጃ ሀ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ድረስ አራት ወር ተሰጥቷል። በጥቅምት 29 ካርቶን ሙሉ ደረሰኝ ተሸክሞ የሚመጣ ግን በየዓመቱ አይጠፋም።