ስለ ጓቴማላ የሚባለውና እውነታው

ጓቴማላ ልሄድ ነው ስትሉ ሰው መጀመሪያ የሚላችሁ «እንዴ! እዚያ ምን ልትሠሩ?» ነው። ከዚያ ምክሩ ይከተላል፣ አብዛኛው ግን የተሳሳተ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

«ጦርነት ላይ ያለ አገር ነው።» አይደለም። መንግሥትና ታጣቂዎቹ የመጨረሻውን የሰላም ስምምነት የፈረሙት ዲሴምበር 29 ቀን 1996 ነው። ዛሬ የሚያሰጋው ዘረፋና የወሮበላ ቡድን ነው። ስለዚህ ዋና ከተማዋ ውስጥ ከመሸ በእግር አትዙሩ፣ ከከተማ ከተማም በቀን ተጓዙ።

«ጎሳ ከጎሳ ተጣልቶ ነው የተጫረሱት።» ይሄኛው ያናድደኛል። ነገሩ የጀመረው ከመሬት ነው። በ1952 ፕሬዚዳንት ሀኮቦ አርቤንስ ከትልልቅ ባለርስቶች ጦም ያደረ መሬት እየወሰዱ ለገበሬ ማከፋፈል ጀመሩ፣ ከተነካባቸው አንዱ ዩናይትድ ፍሩት የሚባለው የአሜሪካ የሙዝ ኩባንያ ነበር፣ በ1954 ደግሞ ሲአይኤ በደገፈው መፈንቅለ መንግሥት ከሥልጣን ወረዱ። ጦርነቱ በ1960 ተነሳና 36 ዓመት ቆየ። በተባበሩት መንግሥታት የተደገፈው የእውነት አጣሪ ኮሚሽን በ1999 እንዳስታወቀው የሞቱትና የደረሱበት የጠፋው ከ200,000 በላይ ናቸው። ማንነታቸው ከታወቀው ተጎጂዎች 83 በመቶው የአገሪቱ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማያዎች ነበሩ። ከተመዘገበው ግፍ 93 በመቶውን የፈጸሙት ደግሞ የመንግሥት ጦርና አጋሮቹ ናቸው። ይህን እያወቁ «ሁለቱም ያው ናቸው» ማለት ለሟቾቹ ሌላ በደል ነው። የቀድሞው ወታደራዊ መሪ ኤፍራይን ሪዮስ ሞንት በ2013 በዘር ማጥፋትና በሰብዓዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀል 80 ዓመት ተፈርዶባቸው ነበር፣ በአሥር ቀኑ ግን ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። በ2018 ሲሞቱም ጉዳዩ አላለቀም ነበር።

«ማያዎች ድሮ ጠፍተዋል።» የጠፉት የጥንቷ የማያ ከተማ የቲካል ነገሥታት ናቸው እንጂ ሕዝቡ አለ። አገሪቱ ውስጥ 22 የማያ ቋንቋዎች ይነገራሉ። ሐሙስ ወይም እሁድ ቺቺካስቴናንጎ ገበያ ብትወጡ ሻጭና ገዢ በኪቼ ቋንቋ ሲከራከሩ ትሰማላችሁ፣ ለብዙዎቹ ስፓኒሽ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ሴቶቹ የሚለብሱት ዊፒል የሚባል በእጅ የተሸመነ ሸሚዝ ለቱሪስት ተብሎ የተለበሰ አይደለም፣ የዘወትር ልብሳቸው ነው። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

«የቡና አገር ስለሆነ በየቤቱ ጥሩ ቡና አለ።» እኛ ከምናመርተው ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ራሳችን ስለምንጠጣ ሁሉም እንደኛ ይመስለናል። እዚያ ምርጡ ወደ ውጭ ይላካል፣ ብዙ ቤት የሚቀርበው ቀጭን ቡና ነው።

«ሰዉ ጦርነቱን ረስቶታል፣ አታንሱበት።» እናንተ ቀድማችሁ አትጠይቁ፣ ይሄ ልክ ነው። መርሳት ግን የለም። ዋና ከተማዋ ካቴድራል በር ላይ ያሉት ምሰሶዎች የተገደሉና የጠፉ ሰዎች ስም ተቀርጾባቸዋል። የግፉን ዘገባ ያቀረቡት ጳጳስ ኋን ሄራርዲ በሁለተኛው ቀን፣ ኤፕሪል 26 ቀን 1998 ነው የተገደሉት። አቲትላን ሐይቅ ዳር ከፓናሃቸል በጀልባ የምትደርሱባት ሳንቲያጎ አቲትላን ደግሞ አለች። ዲሴምበር 2 ቀን 1990 ባዶ እጁን ወደ ጦር ሰፈሩ በሄደው ሕዝብ ላይ ወታደሮች ተኩሰው 13 ሰው ገደሉ፣ ልጆችም ነበሩበት። ሕዝቡ ግን አልበተንም አለ፣ ጦሩም በዚያው ወር ከተማዋን ለቅቆ ወጣ። ቦታው ዛሬ የሰላም ፓርክ ይባላል፣ የሟቾቹም መታሰቢያ እዚያው ነው።