«ቀላል እስራት» ሲባል ቀላል ነው?

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ፣ አቤቱታ በሚጻፍባት ጠባብ ክፍል፣ አንዲት ልጅ ስልኳን ጭኗ ላይ ደፍታ ተቀምጣለች። የቀድሞ ፍቅረኛዋ ፎቶዋን ቴሌግራም ላይ በትኖታል። ጸሐፊው «ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው» ሲላት ፊቷ ጠቆረ። «ቀላል?»

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። «ቀላል» የእስራቱ ዓይነት ስም ነው። በወንጀል ሕጉ መደበኛ መጠኑ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፣ አንዳንዴ ግን ከዚያ ይበልጣል፤ «ጽኑ» የሚባለው ከ1 ዓመት ይጀምርና እስከ 25 ይሄዳል። ስሙን ያወጣው ሰው ተበዳይ ፊት ተቀምጦ አያውቅም መሰለኝ።

በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ውስጥ ይህ ድርጊት ለብቻው ስም የለውም፤ አንቀጽ 13 ሥር ይገባል። ክብርን የሚያጎድፍ ምስል ያሰራጨ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ወይም እስከ 30,000 ብር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም ይጠብቁታል። ይህ የሚያስቀጣው ግን በተበዳዩ አቤቱታ ነው፤ ጊዜውም ድርጊቱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ 3 ወር ነው።

ስለ እሷ ደጋግሞ መልእክት እየላከ ካስፈራራት ወይም ካስጨነቃት ደግሞ ሌላ ንዑስ አንቀጽ አለ፦ እስከ 5 ዓመት ቀላል፣ ከከበደም እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት። ከፎቶው ይልቅ ዛቻው ሊብስ ይችላል ማለት ነው።

«ቻቱስ አለ?» አላት ጸሐፊው።

«ሳየው ስለሚያመኝ ላጠፋው ነበር።»

«እንዳትነኪው፣ እህቴ።»