በድሮ ዘመን መልክ የተሠሩ ባሮች፦ የሚወራው እና እውነታው

ደብዘዝ ያለ መብራት፣ ጥቁር እንጨት፣ የቆዳ ወንበር፣ ከባንኮኒው ኋላ ደግሞ ሰደርያ የለበሰ ባርቴንደር። በብዙ ትልልቅ ከተሞች እንዲህ ዓይነት ባር አይጠፋም። ቤቱ የተከፈተው በቅርቡ ቢሆንም መቶ ዓመት የሞላው ይመስላል። አብዛኞቹ መልካቸውን የወሰዱት እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ አሜሪካ ነው። መጠጥ በሕግ ከታገደበት፣ ሰውም በጓሮ በር እየገባ ከሚጠጣበት ዘመን።

እነዚህን ቤቶች እወዳቸዋለሁ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ነገር ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ሁሉ የበለጠ ዕድሜ እና ታሪክ አለው። ስለነሱ የሚወራው ብዙ ነገር ግን ከእውነቱ የራቀ ነው። አንዳንዱ ወሬ ሰውን ከበር ያስመልሳል። አንዳንዱ ደግሞ ገብቶ የጠጣውን ሰው ይጎዳል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«ኮክቴል የተፈጠረው መጥፎ መጠጥ ለመሸፈን ነው»

ከሁሉም በላይ የተለመደው ይሄ ነው። መጠጥ ታገደ፣ ሰው በየጓዳው መናኛ ጂን ማዘጋጀት ጀመረ፣ ጣዕሙን ለመደበቅ ጭማቂና ስኳር ጨመረበት፣ ኮክቴል ተወለደ ይባላል።

እገዳው ሥራ ላይ የዋለው በጥር 1920 ነው። ኮክቴል ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድመዋል። በ1806 በኒውዮርክ ግዛት፣ በሀድሰን ከተማ የሚታተም አንድ ጋዜጣ ኮክቴል ምን እንደሆነ ለጠየቀው አንባቢ መልስ ሰጥቷል። መልሱ አጭር ነው፦ ጠንካራ መጠጥ፣ ስኳር፣ ውሃ እና ቢተርስ። ቢተርስ ማለት መራራ ሥራሥርና ቅመም በአልኮል ተዘፍዝፎ የሚወጣ፣ በጠብታ የሚጨመር ማጣፈጫ ነው። ዛሬ ኦልድ ፋሽንድ ብታዝዙ የሚቀርብላችሁ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ውስኪ፣ ስኳር፣ ጥቂት ጠብታ ቢተርስ፣ በረዶ እና የብርቱካን ልጣጭ።

ጄሪ ቶማስ የተባለው አሜሪካዊ ባርቴንደር የመጠጥ አዘገጃጀት መጽሐፉን ያሳተመው በ1862 ነው። ማንሃታንም ማርቲኒም ከ1900 በፊት ይታዘዙ ነበር። ስለዚህ ቤቱ የ1920ዎቹን ልብስ ቢለብስም ሜኑው ላይ ያሉት ታዋቂ መጠጦች የአያቶቹ ናቸው።

እገዳው ሙያውን የጎዳ ዘመን ነበር። ጣዕም ለመሸፈን ጭማቂና ስኳር ማብዛት በርግጥ ነበር። ግን ጎበዝ ባርቴንደሮች ሥራ አጡ፣ አንዳንዶቹም አሜሪካን ለቀው ወጡ። ትውልዱ እንግሊዛዊ የሆነው ሃሪ ክራዶክ በ1920 ወደ ለንደን ተመልሶ ስሙ የገነነው በሳቮይ ሆቴል ባር ነው። ዛሬ በነዚህ ባሮች የምናየው ጥንቃቄ ከእገዳው በፊት የነበረው እና ሀገር ለቆ የተረፈው እውቀት ነው።

«ያኔ መጠጣት ወንጀል ነበር፤ የሚጠጣበት ቤት ደግሞ እንዲህ ያማረ ነበር»

ሕጉ የከለከለው ማምረትን፣ መሸጥን እና ማጓጓዝን ነው። መጠጣት ራሱ አልተከለከለም። ከእገዳው በፊት ገዝቶ ቤቱ ያከማቸ ሰው ቁጭ ብሎ መጠጣት ይችል ነበር። ሐኪሞች ውስኪ በማዘዣ ይጽፉ ነበር፣ ለቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚሆን የወይን ጠጅም ተፈቅዷል። ይህ ሁሉ እስከ ታኅሣሥ 1933 ቆየ፤ ያኔ እገዳው ተሻረ።

ስለ ውበቱ ከሆነ፣ ያማሩ ቤቶች ነበሩ። በኒውዮርክ «21» የሚባለው ክለብ በዘመኑ ዝነኛ ነበር። የመጠጥ ማከማቻው ግድግዳ በሚመስል፣ ከ2 ቶን በላይ በሚመዝን በር ተደብቆ ነበር። በሩ የሚከፈተው ቀጭን ብረት በትንሽ ቀዳዳ ሲገባበት ነው። ፖሊስ ሲመጣ ደግሞ ጠርሙሶቹን ከመደርደሪያው ወደ ታች የሚያወርድ ዘዴ ነበራቸው። ታሪኩ ደስ ይላል፣ እውነትም ነው።

ግን አብዛኛው ሰው የሚጠጣው እንዲህ ያለ ቦታ አልነበረም። ምድር ቤት፣ የሱቅ ጓሮ፣ የአንድ ሰው ወጥ ቤት ነበር። የሚቀርበውም አደገኛ ነበር። ለፋብሪካ የሚውለው አልኮል ሰው እንዳይጠጣው በመንግሥት ትእዛዝ መርዝ ይቀላቀልበት ነበር፤ ከመርዞቹ አንዱ ሜታኖል ነው። ሕገ ወጥ ነጋዴዎች ይህንኑ አጣርተን ነው እያሉ ይሸጡት ነበር። ብዙ ሰው ሞቷል፣ ዓይኑ የጠፋም አለ። ዛሬ አንድ ባር «በጓዳ የወጣ ጂን» ብሎ ሜኑ ላይ ሲጽፍ መጠጡ ንጹህ ነው፣ ስያሜው ለጌጥ ነው። እኔ ግን ያንን ዘመን እንደ ጭፈራ ብቻ ማየት ይከብደኛል። የሞቱት አብዛኞቹ ጥሩ ጠርሙስ መግዛት ያልቻሉ ነበሩ።

«የሴት ቦታ አልነበረም»

ከእገዳው በፊት የአሜሪካ መጠጥ ቤቶች በአብዛኛው የወንድ ነበሩ። በድብቁ ዘመን ግን ሴቱም ወንዱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። በኒውዮርክ የድብቅ ቤቶች አስተናጋጅ ሆና ከማንም በላይ የታወቀችው ቴክሳስ ጊናን ናት። ከባንኮኒው ኋላ ደግሞ ኤዳ ኮልማን አለች። ከ1903 ጀምሮ ከ20 ዓመት በላይ በሳቮይ ባር ሠርታ ዋና ባርቴንደር ነበረች። ክራዶክ የተተካው በእሷ ቦታ ነው።

«የተደበቀ በር ያለው ለተመረጡ ሰዎች ነው»

ይሄ ወሬ ብዙ ሰው ያስቀራል፤ ያሳዝነኛል። የዛሬዎቹን ባሮች ፈር የቀደደው ሳሻ ፔትራስኪ በ1999 መጨረሻ ኒውዮርክ ውስጥ የከፈተው ሚልክ ኤንድ ሃኒ ነው። በሩ ላይ የሚታይ ስም አልነበረውም። አንዱ ትልቅ ምክንያት ጎረቤት ነው፤ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ስለነበር ጫጫታና ሰልፍ እንዳይኖር ነው። ቤቱ የራሱ ደንቦች ነበሩት። አትጩኹ ይላል። ወንዶች ወደማያውቋት ሴት ሄደው ራሳቸውን አያስተዋውቁ ይላል። ሴት ብቻዋን ገብታ በሰላም ጠጥታ እንድትወጣ የታሰበ ደንብ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ቢበዛ ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ በሩ ጨዋታ ሆነ። በ2007 በዚያው ከተማ የተከፈተው ፒዲቲ መግቢያው በአንድ ሆትዶግ ቤት ውስጥ ያለ የስልክ ዳስ ነው። የይለፍ ቃል የሚጠይቁ ቤቶችም ቃሉን ቦታ ስታስይዙ ይነግሯችኋል። ስለ አለባበስ በስልክ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ንጹህ ልብስ ይበቃቸዋል። ዋናው ነገር ቀድሞ ቦታ መያዝ ነው፤ ቤቶቹ ጠባብ ናቸውና። ሁለት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ባንኮኒው ጋ ተቀመጡ። አሠራሩን የምታዩት እዚያ ነው።

«ትልቅ በረዶ የሚያደርጉት መጠጥ ለመስረቅ ነው»

ብርጭቆውን የሞላ አንድ ድንጋይ የሚያህል በረዶ ሲመጣ «ተበላሁ» የሚል ሰው አለ። መጠጡ ግን የሚለካው በረዶ ከመግባቱ በፊት፣ በመለኪያ ነው። በረዶ በዛም አነሰም አልኮሉ ያው ነው።

ትልቅ የሆነበት ምክንያት ሒሳብ ነው። በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ በረዶ ውሰዱ። ጠቅላላ ገጹ 150 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ያንኑ በረዶ ስምንት እኩል ኩብ አድርጋችሁ ብትቆርጡት ገጹ 300 ይሆናል። መጠጡ የሚነካው ገጽ እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ ቶሎ ይሟሟል፣ ቶሎም ያቀጥናል። ኦልድ ፋሽንድ ቀስ እየተባለ የሚጠጣ ስለሆነ የሚፈልገው ቶሎ የማይሟሟውን ነው።

እዚህ ጋ ሌላ ስህተት ይነሳል። ውሃ መጠጡን ያበላሸዋል የሚባለው። አንድ በደንብ የተሠራ ኮክቴል ሲቀርብላችሁ ሩብ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ከበረዶ የወጣ ውሃ ነው። ባርቴንደሩ በማንኪያ ረጅም ጊዜ ሲያማስል የምታዩት ለትርኢት አይደለም። እያቀዘቀዘም ውሃ እየጨመረም ነው። ያ ውሃ ባይኖር አልኮሉ ምላስ ያቃጥላል፣ ሽታውም አይገለጥም።

ሁሉም መጠጥ ሼከር ውስጥ ይናጣል የሚሉም አሉ። ሎሚ፣ ክሬም ወይም እንቁላል ካለበት ይናጣል። አልኮልና አልኮል ብቻ ከሆነ፣ እንደ ማንሃታን፣ በቀስታ ይማሰላል። መናጥ አየር ያስገባና ያደፈርሰዋል።

«ብርጭቆው ትንሽ ስለሆነ ቀላል ነው»

ይህን ስህተት ከሁሉም በላይ እፈራዋለሁ። 330 ሚሊ ሊትር፣ 5 በመቶ የሆነ ቢራ ውስጥ 16.5 ሚሊ ሊትር ንጹህ አልኮል አለ። 60 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ ውስኪ ያለበት ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ግን 24 አለ። አንድ ኦልድ ፋሽንድ ወደ አንድ ተኩል ቢራ ይጠጋል ማለት ነው። ማንሃታን ከሆነ ቨርሙቱ (በቅመም የተዘጋጀ የወይን ጠጅ) ሲጨመርበት ከዚያም ይበልጣል። ሁለት ማንሃታን ጠጥቶ «ሁለት ብቻ ነው የጠጣሁት» ብሎ መሪ የሚይዝ ሰው ሒሳቡን አላወቀውም።

ቡናም አያድንም። ጉበት አልኮልን የሚያስወግደው በራሱ ፍጥነት ነው፤ ቡና፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ንጹህ አየር አያፋጥኑትም። ቡና የሚያደርገው የሰከረውን ሰው እንቅልፍ ማባረር ብቻ ነው።

«ለመብላት የሚኬድበት ቦታ አይደለም»

የድሮዎቹ የአሜሪካ መጠጥ ቤቶች ከእገዳው በፊት አንድ መጠጥ ለገዛ ሰው ምሳ በነጻ ያቀርቡ ነበር። አይብ፣ በጨው የታሸ ሥጋ፣ ጨው የበዛበት ዓሣ። ጨዋማ መሆኑ ታስቦበት ነው፤ ይበልጥ ያስጠማል። እገዳው ሲመጣ ደግሞ ከመጠጥ በሚያገኙት ገቢ የቆሙ ትልልቅ ምግብ ቤቶች ወደቁ። ከ1827 ጀምሮ የነበረው ዴልሞኒኮስ በ1923 ተዘጋ። ምግብና መጠጥ ምን ያህል የተያያዙ እንደነበሩ ከዚህ ይታያል።

ዛሬ ጥሩዎቹ ቤቶች ኩሽናቸውን ያከብራሉ። ሳህኖቹ ትንንሽ ናቸው፣ በእጅ ይበላሉ፣ ለመጋራት ይመቻሉ። ፒዲቲ ሆትዶጉን ከጎረቤቱ እየወሰደ ከኮክቴል ጋር ያቀርባል፤ ደግሞም ይሄዳል። ሎሚ ያለበት የጂን መጠጥ ከተጠበሰና ቅባት ካለው ነገር ጋር ግሩም ነው፣ ኮምጣጣው ቅባቱን ይቆርጠዋል። ውስኪና ቢተርስ ያለበት ከአይብ፣ ከለውዝ፣ ከተጠበሰ ሥጋ ጋር ይስማማል። ጣፋጩን ለመጨረሻ አቆዩት፤ መጀመሪያ ከጠጣችሁት ምግቡ ይደበዝዛል።

ምግብ አልኮሉን ይመጠዋል የሚባለው ግን ልክ አይደለም። ምግብ የሚያደርገው አልኮሉን ጨጓራ ውስጥ ማዘግየት ነው። አልኮል በፍጥነት ወደ ደም የሚገባው ከትንሹ አንጀት ነውና ሆድ ሙሉ ከሆነ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ብርጭቆ በፊት ወይም አብሮ ብሉ። ከሦስተኛው በኋላ የሚመጣ ሳህን ዘግይቷል።

«አብሲንት ያሳብዳል»

አረንጓዴው መጠጥ ቅዠት ያሳያል ተብሎ ስዊዘርላንድ በ1910፣ ፈረንሳይ በ1915 ከልክለውት ነበር። ጥፋተኛ የተባለው ከአሪቲ ዘመዶች አንዱ በሆነው ቅጠል ውስጥ ያለው ቱጆን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። አብሲንት ከመከልከሉ በፊት የተሞሉ ጠርሙሶች በላቦራቶሪ ሲመረመሩ የተገኘው ቱጆን ግን ለዚያ የሚበቃ አልነበረም። አስካሪው ራሱ አልኮሉ ነው፤ አንዳንዱ 70 በመቶ ይደርሳል። በቀዝቃዛ ውሃ፣ ጠብ ጠብ እየተደረገ ይቀጥናል። ስኳሩን በእሳት ማቀጣጠል በ1990ዎቹ የመጣ ነው፤ የድሮ ሥርዓት አይደለም።

«አልኮሉ የጥሬ እንቁላሉን ጀርም ይገድለዋል»

ውስኪ ሳወር የሚባለው ኮክቴል ላይ ያለው ነጭ አረፋ ከእንቁላል ነጭ የሚመጣ ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ በዚያ በቀጠነ መጠጥ፣ አልኮሉ ባክቴሪያ ይገድላል ብላችሁ አትተማመኑ። ለጤነኛ ሰው አደጋው ትንሽ ነው። የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ግን ሙቀት የነካው እንቁላል መሆኑን ይጠይቅ፣ ወይም ያለ እንቁላል ይዘዝ። ጥያቄው ማንንም አያስከፋም።

«አልኮል የማይጠጣ ሰው እዚያ ምን ይሠራል?»

ብዙ ይሠራል። ሎሚ፣ የስኳር ሽሮፕ፣ ዝንጅብል፣ ሚንት፣ ሶዳ፣ ቅመም፣ ሁሉም እዚያው ባንኮኒው ላይ ናቸው። ጎበዝ ባርቴንደር በነሱ ብቻ የሚያስደስት ነገር ይሠራል። «አልኮል የሌለው፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ስኳሩ ያልበዛ» ብላችሁ ጣዕሙን ንገሩት፤ የመጠጥ ስም ማወቅ አይጠበቅባችሁም። በሃይማኖት ወይም በጤና ምክንያት ፈጽሞ የማትነኩ ከሆነ ግን ቢተርስም እንዳይገባበት በግልጽ ተናገሩ። ጠብታ ስለሆነ ብዙ ባርቴንደር እንደ አልኮል አይቆጥረውም። በጣም የታወቀው አንጎስቱራ ግን 44.7 በመቶ አልኮል ነው።