ጠፍር፦ እጀታን በጥሬ ቆዳ መጠፈር

ጠፍር ያልለፋ ቆዳ ነው። ጸጉሩ ተፍቆ፣ ሞራው ተልጦ፣ በቀጭኑ ይተለተላል። ገበሬው ቀንበርን ከሞፈር የሚያስርበት ምራን ከዚሁ ይሠራል። የጠፍር አልጋም ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። የቤተ ክርስቲያን ከበሮም በጠፍር ይወጠራል፤ ሊቃውንቱ ጌታ ሲገረፍ የወጣበት ሰንበር ምሳሌ ነው ብለው ያስተምራሉ። የቢላዋ እጀታና የመጥረቢያ ዛቢያም ይጠፈርበታል፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኼኛው ነው።

ምስጢሩ ውሃው ላይ ነው። ጠፍር ሲርስ ይለሰልሳል፣ ይለጠጣል። ሲደርቅ ይኮማተራል። ስለዚህ እርጥቡን ወጥሮ የጠመጠመ ሰው ገና ግማሹን ነው የሠራው፤ የቀረውን ቆዳው ራሱ ይጨርሰዋል። የለፋ ቆዳ ለእጅ ይመቻል እንጂ እንዲህ ነክሶ አይዝም።

ረጅም ጠፍር የሚወጣው ቆዳውን ከዳር ጀምሮ፣ እየዞሩ ወደ መሀል በመቁረጥ ነው። የሆዱ በኩል ይላላል፤ የጀርባው ይሻላል። ለቢላዋ የፍየል፣ ለመጥረቢያ የበሬ ቆዳ ይመረጣል። የተቆረጠው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያድራል። ሙቅ ውሃ በፍጹም! ቆዳ በሙቀት ተኮማትሮ ይበላሻል፤ ሲቀቀልማ ሙጫ ነው የሚሆነው።

የተሰነጠቀ ዛቢያ እንውሰድ። ጠፍሩ ከውሃ ሲወጣ እንደ ጨጓራ ያሟልጫል። መነሻው ጫፍ በእንጨቱ ቁመት ይተኛና ጥምጥሙ በላዩ ላይ ይሄዳል። እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ጋር ይጠጋጋል፣ ክፍተት አይተውም። የመጨረሻዎቹ ዙሮች ትንሽ ላላ ይደረጉና ጫፉ በሥራቸው ገብቶ ይሳባል። ከዚያ ጥላ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ነው። ፀሐይ ላይ ካዋሉት ላዩ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። በደንብ የደረቀ ጠፍር ማር መልክ ይይዛል፤ በጥፍር ሲመቱት እንደ ቀንድ ቋ ይላል። ስንጥቁም ግጥም ብሎ ይታሰራል።

ዘዴው የኛ ብቻ አይደለም። የጥንት ግብፆች የመጥረቢያቸውን ስለት ከእጀታው ጋር በቆዳ ጠፍር ያስሩ ነበር። የሰሜን አሜሪካ ሜዳ ነባር ሕዝቦች የድንጋይ ዱላቸውን ራስና እጀታ በእርጥብ ቆዳ ሸፍነው ያደርቁታል። የጃፓን ጎራዴ እጀታ ደግሞ የባሕር ዓሣ ቆዳ ይለብስና በላዩ ክር ይጠመጠምበታል።

የጠፍር ጠላቱ ዝናብ ነው። ከራሰ ይላላል፤ ስለዚህ ሰም ወይም ቫርኒሽ ይቀባል። ጅብም አይምረውም፣ ውጭ ካደረ ሲሳይ ነው። በነገራችን ላይ ይህን ሙያ የያዙ ሰዎች «ፋቂ» እየተባሉ ሲናቁ ኖረዋል። ከባድ በደል ነው፤ ያለነሱ እጅ ሞፈርና ቀንበር አይገናኝም ነበር።

በበዓል ማግስት መንገድ ዳር ተጥሎ የሚታየው ቆዳ ያንገበግባል። የፍየል ከተገኘ ለጀማሪ መለማመጃ ይበቃል። ጨው ከተነሰነሰበት ግን ደጋግሞ ይታጠብ፤ ጨው እርጥበት ስለሚስብ ጠፍሩ ጠንክሮ አይደርቅም።