"ከሰረ" ስንልና ፍርድ ቤት "ከሰረ" ሲል

ባለፈው ጅማ ፈረንጅ አራዳ ቡና እየጠጣን አንድ ፒኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር) ከስሮ በፍርድ ቤት ሊፈርስ ነው የሚል ወሬ ተነሳና ከስድስታችን ስድስት ዓይነት ሕግ ወጣ። ሒሳብ ሰሪ ስለሆንኩ ሁሌ የምጠየቀው ነገር ነው፣ ሰው የሚለውን በጥቅስ እያስቀመጥኩ ጠቅለል አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው።

"ከሰረ ማለት ኪሳራ አየ ማለት ነው።" አይደለም፣ ጣጣው የመጣው ቃሉ አንድ ስለሆነ ነው። ቡና በውድ ሰብስቦ በርካሽ የሸጠውንም ከሰረ እንለዋለን፣ ሕጉ የሚጠይቀው ግን ቀኑ የደረሰ ዕዳውን መክፈል አቁሟል ወይ ብሎ ነው። ኪሳራ እያየም ዕዳውን በቀኑ የሚከፍል አለ፣ ስቶሩ በቡና ተሞልቶ ካሽ አጥቶ ክፍያ የሚያቆምም አለ።

"የመክሰር ማመልከቻ ፍርድ ቤት ከገባ በቃ ፈረሰ።" አይደለም፣ የ1952ቱን የንግድ ሕግ የተካው አዋጅ 1243/2013 መልሶ ማደራጀት የሚባል መንገድ አለው፣ ድርጅቱ ሊተርፍ የሚችል ከሆነ ከአበዳሪዎቹ ጋር በፍርድ ቤት ጥላ ስር ተስማምቶ ዕዳውን እንዲያሸጋሽግ ማለት ነው። እኛ ጋ ግን ብዙው ሰው ስልኩን አጥፍቶ ይሰወርና ነገሩ ካለቀለት በኋላ ነው ጠበቃ የሚፈልገው።

"ቀድሞ የደረሰ ይወስዳል።" ይሄ ነው በጣም የሚጎዳን። ድርጅቱ ተንገዳገደ ሲባል አንዱ አበዳሪ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ይዞ ስቶር ይሄዳል፣ ሌላው ማሽን ያስፈታል። መክሰሩ ከተፈረደ በኋላ ግን ንብረቱን የሚሰበስበው ፍርድ ቤት የሾመው ሰው ነው፣ መያዣ የሌላቸው አበዳሪዎች ደግሞ እንደ ዕዳቸው መጠን ነው የሚካፈሉት። ለነሱ የተረፈው 1.5 ሚሊዮን ብር ሆኖ ዕዳው 6 ሚሊዮን ከሆነ ለእያንዳንዱ ብር 25 ሳንቲም ይደርሳል፣ አንደኛ የሮጠውም የተኛውም እኩል ማለት ነው። ክፍያ ካቆመ በኋላ ለዘመድ በስጦታ ያዛወረው መኪናም ሊመለስ ይችላል። ባለአክሲዮን ደግሞ የሚካፈለው ሁሉም ተከፍሎ ከተረፈ ነው፣ ያው መቼም አይተርፍም።

"ሠራተኛ ምን ያገኛል ብለህ ነው።" በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ይቀድማል። ድርጅቱ ከስሮ ለዘለቄታው ሲዘጋ የሥራ ስንብትም አለ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ለተጨማሪው እያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ በዚህ ላይ የ60 ቀን ይጨመራል። በቀን 200 ብር እያገኘ 5 ዓመት የሠራ ቡና አበጣሪ ቤት ያለ ልጅ 6,000 እና 8,000 እና 12,000፣ በድምሩ 26,000 ብር ይጠይቃል ማለት ነው። ስንቱ ነው ይሄን ሳያውቅ ፔስታሉን ይዞ አጋሮ የገባው።

"ፒኤልሲ ስለሆነ ባለቤቱን አይነካውም።" ግማሹ እውነት ነው፣ ያዋጣው ካፒታል ነው የሚጠፋው። ግን ባንክ ሲበደር በግሉ ዋስ ሆኖ ፈርሞ ወይም ቤቱን አስይዞ ከሆነ ፒኤልሲነቱ አያድነውም። እንደውም ባንክ በመያዣ ውሉ ላይ ከተስማሙ በአዋጅ 97/1990 ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ ሊሸጠው ይችላል። ደረቅ ቼክ (ባንክ በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ) የፈረመ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ የወንጀል ክሱ በራሱ ላይ ነው የሚመጣው፣ መክሰር ብቻውን ግን ወንጀል አይደለም፣ ወንጀሉ ንብረት መደበቁና መዝገብ መሰረዝ መደለዙ ነው።

"ንግድ ፈቃዱን መልሷል፣ አለቀ።" አላለቀም፣ ዕዳው አለ።

የዛን ቀን አብረውን የነበሩት ጋሼ ለዚሁ ድርጅት ጆንያ በዱቤ ሰጥተው ነበር፣ ደረሰኝ ስላቸው "በሰው ፊት ነው የሰጠሁት" አሉኝ። ምስክር ይረዳል፣ ግን የአበዳሪ ጥያቄ በተሰጠው ቀን ውስጥ ከነማስረጃው ነው የሚቀርበው። አሁን ሂርማታ ገበያ ጆንያውን ያራገፈውን ጋሪ ነጂ እየፈለጉ ነው።