ተራ ቦታ የማይረሳ የሚሆነው እንዴት ነው?

«ዛፉ ጋ እንገናኝ» ይባላል። ዛፉ ከተቆረጠ ዓመታት አልፈዋል። ቀጠሮው ግን አሁንም «ዛፉ ጋ» ነው። ግራ የሚገባው ለቦታው አዲስ የሆነ ሰው ብቻ ነው። ተራ ቦታ በሰው ልብ ውስጥ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። መሐንዲስ ስላሳመረው ሳይሆን፣ ሰዎች ደጋግመው ስለተገናኙበት፣ ስለጠበቁበትና ስም ስላወጡለት ነው።

አንጎላችንም ቦታ መያዝ ያውቅበታል። የአንጎል ተመራማሪው ጆን ኦኪፍ በ1971 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከባልደረባው ጋር ሆኖ አንድ ግኝት ይፋ አደረገ። በአይጥ አንጎል ውስጥ ሂፖካምፐስ በሚባለው ክፍል፣ አይጧ አንድ የተወሰነ ቦታ ስትደርስ ብቻ የሚነቁ ሴሎች አሉ። በ2014 ከሜይ ብሪት ሞሰርና ከኤድቫርድ ሞሰር ጋር ለዚሁ ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ተጋራ። ይኸው የአንጎል ክፍል የደረሰብንን ነገር ለማስታወስም ወሳኝ ነው። የድሮ ሰፈራችንን ስናቋርጥ የረሳነው ጨዋታ ድንገት ትዝ ቢለን አይገርምም።

የከተማ ፕላን ባለሙያው ኬቪን ሊንች ደግሞ የቦስተን፣ የጀርሲ ሲቲና የሎስ አንጀለስ ነዋሪዎችን እያነጋገረ ከተማቸውን በቃላቸው እንዲስሉ ያደርግ ነበር። በ1960 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ ሰዎች ከተማን የሚይዙት በአምስት ነገር ነው፦ በመንገድ፣ በወሰን፣ በሰፈር፣ በመገናኛ ቦታና በምልክት። ምልክት ሲባል የግድ ትልቅ ሕንጻ አይደለም። ቀለሟ ለየት ያለች በር ትበቃለች።

ቦታን ከሚያስታውሱን ነገሮች ሁሉ እኔ የማስቀድመው መጠበቅን ነው። ሰው ቆሞ ሲጠብቅ ዓይኑ ሥራ ይፈታል። የግድግዳውን ስንጥቅ፣ የተላጠውን ቀለም፣ ጥላው የሚደርስበትን ድንጋይ ሳይቀር ያያል። ያ ሁሉ ከሚጠብቀው ሰው ጋር ተቆራኝቶ ይቀራል።

በቶኪዮ የሺቡያ ባቡር ጣቢያ የሆነው ይህ ነው። ሃቺኮ የሚባል ውሻ ጌታውን ፕሮፌሰር ኡኤኖ ሂዴሳቡሮን እዚያ ይጠብቅ ነበር። ፕሮፌሰሩ በ1925 በድንገት ሞቱ። ሃቺኮ ግን በ1935 እስኪሞት ድረስ፣ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ፣ ወደ ጣቢያው መመላለሱን አልተወም። የነሐስ ሐውልት የቆመለት በ1934፣ ገና በሕይወት ሳለ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረቱ ተፈልጎ ሐውልቱ ቀለጠ። በ1948 የመጀመሪያውን ሐውልት የሠራው ቀራጺ ልጅ ሌላ ሠራ። አሁን ከጣቢያው መውጫዎች አንዱ በሃቺኮ ስም ይጠራል። ውሻው የጠበቀበት ቦታ ዛሬም ሰው ሰውን የሚጠብቅበት ነው።

እግርም ምልክት ይተዋል። በሣሩ መሃል የተረገጠ ቀጭን አቋራጭ ማንም ያላቀደው፣ ሁሉም የሠራው መንገድ ነው። ምልክት መተው ግን ልክ አለው። በፓሪስ ፖን ዴዛር ድልድይ ላይ ፍቅረኞች ስማቸውን የጻፉበትን ቁልፍ እየቆለፉ፣ መክፈቻውን ወንዝ ውስጥ ይጥሉ ነበር። በ2014 ከክብደቱ የተነሳ የአጥሩ አንድ ክፍል ወደቀ። በ2015 ከተማው 45 ቶን ገደማ ቁልፍ አነሳ። ፍቅሩ ይገባኛል፤ ነገር ግን የሁሉም የሆነ ድልድይ በጥቂቶች ትዝታ መሰበር የለበትም።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው ትንሹ ምልክት ነው። ጀርመናዊው አርቲስት ጉንተር ዴምኒግ በ1990ዎቹ የማሰናከያ ድንጋይ የሚላቸውን መትከል ጀመረ። እያንዳንዱ ድንጋይ ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ፊቱ በናስ ተለብጧል። የሚተከለው የናዚ ሰለባ የሆነ ሰው በፈቃዱ በኖረበት የመጨረሻ ቤት ደጃፍ፣ እግረኛው መንገድ ላይ ነው። ጽሑፉ ብዙውን ጊዜ «እዚህ ይኖር ነበር» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ የደረሰበት ነገር። በቃ። እስከ 2023 በአውሮፓ ከ100,000 በላይ ተተክለዋል። ለማንበብ ጎንበስ ማለት ይጠይቃል። ናሱ ሲጠቁር የሰፈሩ ሰዎች ጨርቅ ይዘው ይወጣሉ። ተንበርክከው፣ ስሙ እስኪነበብ ድረስ ይወለውሉታል።